ጭቃው ቆሞ ግንቡ ለምን ወደቀ?

ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞ በኩል የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ፣ ቆላ ድባንና ጯሂትን አልፎ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ጣና ዳር ጎርጎራ ይደርሳል። ጎርጎራ የሐይቁ የሰሜን ወደብ ናት። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ጊዜ የሠራው ወደብ፣ ከባሕር ዳር ተነስቶ ቁንዝላ እያደረ ይመጣ የነበረው መርከብ፣ ከደንገል የተሠራ ታንኳ እየቀዘፉ እንጨትና እህል የሚያመላልሱ ሰዎች፣ ለከተማዋ መልኳን የሰጧት እነዚህ ናቸው። ታሪኳ ግን ከወደቡ ብዙ ይርቃል።

በዚህ ዳርቻ በእመቤታችን ስም የሚጠሩ ሁለት ሥራዎች አሉ። አንዷ ደብረ ሲና ማርያም ናት፤ እንጨት፣ ጭቃና ሳር። ዛሬም ይቀደስባታል። ሌላው ከከተማዋ በስተምዕራብ ሐይቁ ዳር ያለው ማርያም ግንብ ነው፤ ጥርብ ድንጋይና ኖራ። ዛሬ ፍርስራሽ ነው። ሁለቱም በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነገሥታት እጅ የነካቸው ናቸው። ያንኛው ለዘላለም ይቁም ተብሎ በድንጋይ ተሠርቶ ወደቀ፤ ይችኛዋ በየጊዜው በሚያረጅ ሳር ተከድና እስከ ዛሬ አለች። ነገሩን የዕድል ጉዳይ አድርጎ ማለፍ ይቻላል። ግን ከሥሩ አንድ የሃይማኖት ጥያቄ አለ፤ ለመሆኑ ቤተ ክርስቲያንን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርጋት ምንድን ነው? ግድግዳው ነው? ታቦቱ ነው? ወይስ ሕዝቡ?

ከግንቡ እንጀምር። ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ጴድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 ኢትዮጵያ ገባ። የአገሩን ቋንቋ ተማረ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘንድ ተወደደ፣ ጎርጎራ ላይም ለንጉሡ ቤተ መንግሥት አሠራ። በ1622 በዚያው በጎርጎራ ሞተ። ፓኤዝ ሰውን በቀስታ የሚቀርብ፣ የአገሬውን ልማድ በድንገት መንካት እንደማይበጅ የገባው ሰው ነበር። እርሱን የተካው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን በ1625 ሲመጣ ሌላ መንገድ ያዘ። በማርያም ግንብ የሚታወቀው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን የተነሣውም በዚህ በሁለተኛው ዘመን ነው። ከሕንድ የመጡ ግንበኞች ተሳትፈውበታል፤ የኖራ አሠራርም በዚያ ዘመን በአካባቢው ተስፋፋ። ጠፍጣፋ የድንጋይ ግድግዳ፣ ቅስት ጣራ፣ በአበባ ቅርጽ የተፈለፈሉ ጌጦች፤ ለደምቢያ ገበሬ ዓይን እንግዳ ነገር ነበር። እነዚሁ ኖራና ቅስት ጥቂት ቆይተው በፋሲል ግቢ እንደገና ብቅ ማለታቸውን የሥነ ሕንፃ ታሪክ ጸሐፊዎች ያነሡታል። ምንጩ ከሕንድ ይብለጥ ከፖርቱጋል ክርክሩ አላለቀም።

የሜንዴዝ ትእዛዝ ግን ከድንጋዩ ይበልጥ ከበደ። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት እንደገና ይባረኩ አለ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ልጁን በደብሩ አስጠምቆ፣ አባቱን በደብሩ ቅጥር ቀብሮ፣ ጾሙን ጾሞ የኖረ ገበሬ እስካሁን የተሳለምከው ደጅ የእግዚአብሔር ቤት አልነበረም ተባለ ማለት ነው። በሜንዴዝ ዓይን ቤተ ክርስቲያንነት ከሮም የሚላክ፣ በሥልጣን የሚሰጥና የሚነሣ ነገር ነበር። ገበሬው በዚህ አልተስማማም። ላስታ ዐመፀ፣ ጎጃም ዐመፀ፤ በ1632 በወይና ደጋ ሜዳ በሺዎች የሚቆጠር የገዛ አገሩ ሰው ያለቀበት ጦርነት ተደረገ። ሱስንዮስ ያሸነፈ ቢሆንም ድሉ ልቡን ሰበረው። በዚያው ዓመት የካቶሊኩ ሃይማኖት ቀርቶ የቀደመው ይመለስ ብሎ ዐወጀ፣ ዙፋኑንም ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፣ ብዙም ሳይቆይ ዐረፈ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አስወጣ፤ በ1636ም መናገሻውን ጎንደር ላይ ቆረቆረ።

ግንቡን ለመናድ መድፍ አልተተኮሰበትም። ውሎ አድሮ ጣራው ተከፈተ፣ ዝናብ ገባ፣ በስንጥቁ ዛፍ በቀለ። ከቀሩት ግድግዳዎችም ከፊሉ የተናደው በቅርብ ጊዜ፣ በእኛ ዘመን ነው። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከማድሪድ የመጡ አርኪዮሎጂስቶች ቦታውን ቆፍረው መርምረዋል፤ መሠረቱ፣ የጌጥ ድንጋዩና የግቢው አቀማመጥ የተሻለ ታውቋል። ድንጋይና ኖራ ጥገና አይፈልጉም የሚል ሰው ማርያም ግንብን ቢያይ ሐሳቡን ይቀይራል። ልዩነቱ ያለው ጠጋኙ ላይ ነው። ከ1632 በኋላ ይህን ሕንፃ ደብሬ ብሎ፣ ክረምት ሳይገባ ጣራውን የሚያይለት፣ ስለቱን ይዞለት የሚመጣ ምእመን አልቀረም።

አሁን ወደ ደብረ ሲና እንመለስ። ትውፊቱ የደብሯን መነሻ ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን፣ ወደ ዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ይወስደዋል። የምትታወቅባቸው ሥዕሎች ግን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናቸው፤ ያሠራቻቸው የዐፄ ፋሲለደስ እህት መለኮታዊት መሆኗ ይነገራል። ሥራዋ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። የሱስንዮስ ልጅ፣ አባቷ ያስነሣው የሃይማኖት ጦርነት አገሩን ሲያቃጥል ያየች ሴት፣ ገንዘቧን በአባቷ ሚሲዮናውያን ግንብ ላይ አላዋለችም፤ በሳር ክዳኗ ደብር ላይ አዋለች። ለምን እንዲህ እንዳደረገች በቃል የተወችልን ነገር የለም። ሥዕሎቿ ግን አሉ።

ሕንፃዋን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ክብ ናት። በዙሪያዋ የእንጨት ምሰሶዎች ቆመው የጣራውን ዳር ተሸክመዋል፤ ከምሰሶዎቹና ከግድግዳው መካከል ምእመናን የሚቆሙበት፣ ዝናብ ሲመጣ የሚጠለሉበት ጥላ አለ። ውስጡ እንደ ማንኛውም የክብ ደብር ሦስት ክፍል ነው፤ ደብተራዎች የሚያሸበሽቡበት ቅኔ ማሕሌት፣ ቆራቢዎች የሚቆሙበት ቅድስት፣ ከካህናት በቀር ማንም የማይገባበት መቅደስ። መቅደሱ አራት ማዕዘን ነው። ግድግዳው በእንጨትና በማገር ተዋቅሮ፣ ጭድ በገባበት ጭቃ ተመርጎ፣ በላዩ ሸማ ተለጥፎ ሥዕሉ የተሣለው በሸማው ላይ ነው። ጭቃው ሲሰነጠቅ ሸማው ይይዘዋል። ቢሆንም ውኃ አንድ ጊዜ ከክዳኑ ሾልኮ ከወረደ ቀለሙ ይፈስሳል፣ ሸማው ይቆረፍዳል፣ ከጀርባው ምስጥ ይገባል። ስለዚህ የዚያ ሁሉ የመላእክትና የቅዱሳን ሥዕል ዕድሜ የተንጠለጠለው በሳር ክዳኑ ላይ ነው።

ሳር ደግሞ ለዘላለም አይቆይም። ዓመታት ሲያልፉት ይጠቁራል፣ ይሳሳል፣ ይበሰብሳል። ያኔ ምእመኑ ሳር ያጭዳል፣ ተሸክሞ ያመጣል፤ ሴቶቹ ጠላውን ይጠምቃሉ፣ ዳቦውን ይጋግራሉ፤ ወጣቱ ጣራ ላይ ይወጣል፣ አሮጌው ሳር ይወርዳል፣ የነቀዘው ወራጅና ማገር ይለወጣል፣ አዲሱ ይከደናል። ደቦ ነው። የዚያ ቀን የተሸከመ ልጅ አድጎ ልጆቹን ይዞ ለሚቀጥለው ክዳን ይመጣል። ደብሯን ያቆያት ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጉድለቷ የምእመኑን እጅ በየትውልዱ ጠራላት። ግንቡ እንዲህ ያለ ጥሪ አልነበረውም፤ ቢጠራም ሰሚ አልነበረም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጥያቄ ላይ ግልጽ ሥርዓት አላት። ሕንፃውን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርገው በጳጳስ የተባረከው፣ በሜሮን የከበረው ታቦት ነው። ታቦት የሌለበት ሕንፃ የቱንም ያህል ቢያምር አይቀደስበትም። አሮጌው ደብር ፈርሶ ሲሠራ ታቦቱ መቃኞ ይገባል፤ መቃኞው ድንኳን ወይም የቆርቆሮ ዳስ ሊሆን ይችላል። በዚያ ዳስ ውስጥ ቅዳሴው ሳይጓደል ይቀጥላል፤ ሕፃናት ይጠመቃሉ፣ ሙት ይፈታል። ሕንፃው ሲያልቅ ታቦቱ በዝማሬና በእልልታ ይገባል፣ ያም ቀን ቅዳሴ ቤቱ ተብሎ በየዓመቱ ይታሰባል። ንጉሥ ሰሎሞን የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ሲያስመርቅ ሰማየ ሰማያት የማይበቃውን አምላክ ይህ ቤት እንዴት ይይዘዋል ብሎ እንደ ጠየቀ በነገሥት መጽሐፍ ተጽፏል። የመቃኞው ሥርዓት ለዚያ ጥያቄ የተሰጠ ተግባራዊ መልስ ይመስላል።

ታቦቱ ሕንፃ አልባ ሆኖም ታቦት መሆኑን ታሪክ በመራራ መንገድ አሳይቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ብዙ ንብረት ወደ መቅደላ ተወሰደ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከተዘረፈው መካከል ታቦታት ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ በኤድንብራ በሚገኝ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ በ2001 ተገኝቶ በ2002 ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ሕዝቡ በሺዎች ወጥቶ ተቀበለው። 11 ታቦታት ግን ዛሬም በብሪትሽ ሙዚየም አሉ። ለሕዝብ አይታዩም፤ ሙዚየሙ የቤተ ክርስቲያኗን ሥርዓት አውቆ የገዛ ሠራተኞቹ እንኳ እንዳያዩአቸው አድርጎ አስቀምጧቸዋል። መሬት ላይ የቀረው ግድግዳ በሌላ ይተካል። የእነዚያ ታቦታት ቦታ ግን ክፍት ነው፤ ይመለሱ የሚለው ጥያቄም ለዚህ ነው የማይበርደው።

እንግዲህ መልሱ ታቦት ነው ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር። ነገር ግን ታቦቱ ብቻውን አይቀደስበትም። የሚቀድሱ ካህናት፣ መገበሪያውን ስንዴና ዘቢብ የሚያቀርብ ገበዝ፣ የሚቆም ምእመን ያስፈልጋል። በጎንደር ዘመን ነገሥታቱና መኳንንቱ ለአድባራት ሪም የሚባል መሬት ይሰጡ ነበር፤ ካህናቱ ከመሬቱ እየበሉ ያገለግላሉ፣ ክዳንና ጥገናም ከዚያው ይወጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሲሆን ይህ ሥርዓት በአንድ ቀን ተቋረጠ። ቤተ ክርስቲያኗን ያዳናት ከሁለት ዓመት በፊት በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዐዋዲ ነው፤ በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ አቋቁሞ የደብሩን ኑሮ በምእመኑ መዋጮ ላይ ጣለው። ከዚያ ወዲህ የሰሜን ጎንደር ደገኛ ገበሬ በቅጥሩ ውስጥ ያለውን ጣራ ከገዛ ጎተራው እየቀነሰ ከድኗል። የነገሥታቱ ስም በገድሉና በታሪከ ነገሥቱ አለ፤ የዚህ ገበሬ ስም የትም አልተጻፈም።

ጎንደር ከተማ ውስጥ ይህን ሁሉ በአንድ ቅጥር የሚያሳይ ደብር አለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን አድያም ሰገድ ኢያሱ አሠርተው እ.ኤ.አ. በ1694 አስመረቁ። የመጀመሪያው ሕንፃ ክብ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መብረቅ መታው። ዛሬ የሚታየው፣ ጣራው ሙሉ በመላእክት ፊት የተሞላው፣ አራት ማዕዘን ነው። ቅርጹ ተለወጠ፣ እንጨቱ ተለወጠ፣ ሥዕሉም የኋላ ዘመን ነው። ቢሆንም ማንም ጎንደሬ ሁለት ሥላሴ አሉ አይልም። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከአርባ አራቱ አድባራት ከእሳት ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ይኸው ነው። ሕዝቡ ያተረፈው የንብ መንጋ ነው ይላል። ትረካው ለዚህ ጽሑፍ የሚነግረን አንድ ነገር አለ፤ የተረፈው የኢያሱ ሕንፃ እንዳልሆነ እያወቀ ሕዝቡ የተረፈችልን የኢያሱ ሥላሴ ናት ይላል፣ በሁለቱ መካከልም ተቃርኖ አይታየውም።

እንዲህ ያለ አስተሳሰብ በሌላ አገርም አለ። በጃፓን የኢሴ መቅደስ በየ20 ዓመቱ አጠገቡ ባለው ባዶ ቦታ ላይ በዚያው ቅርጽ እንደገና ይሠራል፣ አሮጌው ከዚያ በኋላ ይፈርሳል፤ 62ኛው ዙር የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር። ጃፓኖቹም መቅደሳችን ከ1,300 ዓመት በላይ ሆነው ይላሉ። የኢሴ አናጢዎች ግን አንድ ነገር አጥብቀው ይይዛሉ፤ መጋጠሚያው፣ ልኩ፣ የእንጨቱ ዓይነት ሳይለወጥ ከሽማግሌው ለወጣቱ ይተላለፋል። እንጨቱ ቢለወጥም እጁ አይለወጥም።

ጉዳዩ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት በአማራ ክልል ገጠርና ከተማ አሮጌ አድባራት እየፈረሱ በብሎኬትና በሲሚንቶ እየተተኩ ነው። የሚያፈርሰው ጠላት አይደለም። ለደብሩ የሚቆረቆር ሰበካ ጉባኤ፣ ከውጭ አገር ገንዘብ የላከ የአካባቢው ተወላጅ፣ ክዳን መለዋወጥ የሰለቸው ደካማ ምእመን ነው። ሐሳቡም ክፉ አይደለም፤ ለእመቤቴ የተሻለ ቤት ይገባታል ነው። ግድግዳው ላይ ስላለው ሥዕል ሲጠየቅ ዋናው ታቦቱ ነው ይላል፤ ታቦቱ ካለ ቤቱ ምን ቸገረ። ክርክሩ በሥርዓቱ ላይ የቆመ ስለሆነ ለመመለስ ቀላል አይደለም።

ግን መልስ አለው። ታቦቱ ከሕንፃው ነፃ መሆኑ መቃኞ እንድንሠራ ይፈቅድልናል፤ የአባቶቻችንን ጸሎት እንድንደመስስ አይፈቅድልንም። መለኮታዊት ያሠራችው ሥዕል ጌጥ ብቻ አልነበረም። ማንበብ የማይችለው ምእመን ስቅለቱንና ትንሣኤውን የተማረው፣ የሰማዕታቱን ተጋድሎ ያየው ከዚያ ግድግዳ ነው። ያ ሥዕል ሲፈርስ የሚጠፋው 400 ዓመት ያህል የተነበበ መጽሐፍ ነው። ታቦት በጳጳስ ይባረካል፤ የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ሥዕል ግን የሚመልስ ጳጳስ የለም። ሌላም ነገር አለ። የሳር ክዳን የሚያውቅ፣ ጭቃ ከጭድ መጥኖ የሚያቦካ፣ ምሰሶና ወራጅ የሚያጋጥም እጅ በአጥቢያው ካልተፈለገ አንድ ትውልድ አይሻገርም። ደብረ ሲናን ከማርያም ግንብ ዕጣ ያዳናት ያ እጅ ነው። ደብሩን በሲሚንቶ ሠርቶ ምእመኑን ሥራ መፍታት፣ ሳይታሰብ የግንቡን መንገድ መከተል ነው።

ሁለቱን ማስታረቅ እንደሚቻል አክሱም አሳይታለች። በግራኝ ጦርነት የጠፋችውን የጽዮን ማርያምን ቤተ ክርስቲያን መልሰው ያሠሩት እነዚያው ዐፄ ፋሲለደስ ናቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሴቶችም የሚገቡባት ሰፊ አዲስ ጽዮንን ሲያሠሩ አሮጌዋን አላፈረሱም። አጠገቧ አቆሙ። ዛሬ ሁለቱም አሉ፤ ሰፊው ሕዝቡን ይይዛል፣ አሮጌዋ ታሪኳን ይዛ ታገለግላለች።

ጎርጎራ አሁን ዳግመኛ እንግዳ እየበዛባት ነው። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራው ሪዞርት ከሐይቁ ዳር ቆሟል፤ መንገዱም ሰውም ወደ ደብረ ሲና ይበልጥ ይቀርባል። የሚመጣው ገንዘብ ለደብሯ ምን እንደሚያደርግ የሚወሰነው በአካባቢው ሰዎች፣ በሀገረ ስብከቱና በቅርስ ባለሙያዎች ነው። መጀመሪያ መውጣት ያለበት ለክዳኑና ለሥዕሎቹ ነው፤ በሲሚንቶ ለማስፋት ቢታሰብ አዲሱ ሕንፃ ከቅጥሩ ራቅ ብሎ ይሠራ። ማርያም ግንብም ቢሆን የካቶሊክ ነበር ተብሎ መተው የለበትም፤ የሕንዱ ግንበኛና የደምቢያው ገበሬ እጅ አለበት፣ የዚህ አገር ታሪክ ነው። አንባቢው የሚሳለምበት አጥቢያ አሮጌ ደብር ካለው፣ ሰበካ ጉባኤው ለማፍረስ ከመስማማቱ በፊት ሥዕሉን ባለሙያ እንዲያይ ይጠይቅ፤ ቦታ ካለ አዲሱ ከአጠገቡ ይሠራ፤ ሳር የሚከድኑ ሽማግሌዎች በሕይወት ካሉም ወጣቶቹ ዘንድሮ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ አብረዋቸው ጣራ ላይ ይውጡ።